ዳንቴል የለበሰው ኦርጋን

በጥር 2015 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ጥምቀትን አክብሬ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ፣ አዲስ ዘመንን አለፍ እንዳልን «ይፋግ ላይ ወራጅ አለ!» አልኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየት አደረገኝ። ይፋግ ላይ ኮትና መነጽር አድርጎ የሚወርድ ሰው ብዙ አላጋጠመውም መሰለኝ። ይፋግ ዛሬ ባለ መኪና በጥቂት ደቂቃ የሚያልፋት ትንሽ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን የሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት፣ ጨው የሚራገፍባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። እኔ ታዲያ ለታሪኳ አልነበረም የወረድኩት። አክስቴ እዚያ አሉ።

አክስቴ ሰማንያ ሊደፍኑ ጥቂት ነው የቀራቸው። ጉልበታቸው ከዳቸው እንጂ ዓይናቸውም ምላሳቸውም እንዳለ ነው። «ምነው ልጄ እንዲህ የከሳኸው?» ብለው ተቀበሉኝ። (ወፍሬ ነው የሄድኩት፤ የአክስት ሚዛን ግን ሌላ ነው።) የሩዝና የጤፍ ቅልቅል እንጀራ ቀረበ፣ ዶሮ ወጡ ቀረበ፣ ጠላው ተቀዳ። እየበላሁ ዓይኔ በግድግዳው ጥግ ባለች ረጅም ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ሁለት ክንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጠፍጣፋ ነገር፣ በነጭ ዳንቴል ተሸፍኖ ተጋድሟል። ቴሌቪዥኑም ዳንቴል ለብሷል፣ ራዲዮውም ለብሷል፤ የጠረጴዛዋ ግን ከሁሉም የነጣው፣ ከሁሉም በጥንቃቄ የተሠራው ነው። መጠየቅ አላስፈለገኝም። የልጃቸው ኦርጋን ነው።

«ኪቦርድ» የሚለው ስም ሳይለመድ በፊት ሰው ኦርጋን ነበር የሚለው፤ አክስቴ ዛሬም ሌላ ስም አያውቁለትም። ልጃቸው በ2003 ዓ.ም. በሕመም ነው ያረፈው፤ አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ኦርጋኑን ጅዳ የነበረች እህቱ በ1988 ዓ.ም. ላከችለት። ጃፓን ሠራሽ ነው፤ ስድሳ አንድ ቁልፍ አለው፤ መብራት ባለበት በአዳፕተር፣ በሌለበት ደግሞ በስድስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ይህችን የድንጋይ ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የፎገራን ሜዳ የማያውቅ አንባቢ ይኖራልና ትንሽ ልበል። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል። ያ ውሃ ለሌላው እህል ጠላት ነበር፤ ከደርግ ዘመን ወዲህ ግን ሩዝ ገባና ጠላትየው ወዳጅ ሆነ። ሩዙ ሲሸጥ እጅ ላይ ገንዘብ ይገባል፤ ገንዘብ ሲገባ ሠርግ ይደምቃል። በጥርና በየካቲት ወንድሜ (የአክስቴን ልጅ እንዲህ ነበር የምጠራው) ቤቱ አያድርም። ኦርጋኑን በጋቢ ጠቅልሎ በአህያ ይጭናል። ድምፅ ማጉያውን በመኪና ባትሪ እያስነሳ፣ የመብራት እንጨት ባልተተከለባቸው ቀበሌዎች ሙሽራ ሲያስጨፍር ያነጋል። አንዳንዴ ማሲንቆ መቺ ይከተለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ብቻውን ነው። ከበሮው ውስጡ፣ ቤዙ ውስጡ፣ ዋሽንቱ ውስጡ።

በ1990 ዓ.ም. ለእረፍት ሄጄ አንዱ ሠርግ ላይ ሰማሁት። ያን ጊዜ እኔ አዲስ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ። አዲስ መምህር ደግሞ የማይፈርድበት ነገር የለም። ሲጨርስ ጠጋ አልኩና «ጎበዝ ነህ፤ ግን ይሄ ነገር እኮ የሙዚቃ የዱቄት ወተት ነው» አልኩት። በራሴ አባባል ረክቼ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከመሄዴ በፊት ሳይሆን አይቀርም ያዘጋጀሁት።

ሳቀ። «ጋሼ፣ ላም የሌለው ሰው ታዲያ ምን ይጠጣ?»

«ፎገራ ላይ ተቀምጠህ ላም የለኝም ትላለህ?»

«የሙዚቃዋ ላም እናንተ ጋ ናት» አለኝ፤ «አዲስ አበባ፣ ሆቴል ውስጥ ታስራ።»

ይህን መልስ በቁም ነገር የወሰድኩት እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

የእኛ ዘመን ፊደል የቆጠረ ሰው ስለ ኪቦርድ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ «ባንዱን ገደለው።» ክሱ መሠረት አለው። ዋልያስ ባንድ ሒልተን፣ አይቤክስ ባንድ ራስ ሆቴል በሚጫወቱበት ዘመን አንድ ዘፈን ለመሥራት የትንፋሽ መሣሪያው፣ ጊታሩ፣ ቤዙ፣ ድራሙ፣ ኦርጋኑ ሁሉ እኩል መተንፈስ ነበረበት። ከዚያ የሰዓት እላፊው ዘመን መጣ፤ ሌሊቱ ተቆለፈ። ካሴቱ ሲበረክት ደግሞ ወጪ መቀነስ መጣ። አንድ ሰው አንድ ኪቦርድ ይዞ የስድስት ሰው ሥራ ሲሠራ አምስቱ ቤታቸው ገቡ። ይሄ የሆነ ነገር ነው፤ ዛሬም አልክደውም። የጆሮም ክስ አለ። ኪቦርድ አንዱን እርከን ለአሥራ ሁለት እኩል ቦታ ከፋፍሎ አጥር ያጥርበታል፤ አዝማሪ አንቺሆዬን ሲያዜም ግን ድምፁ ከአጥሩ መሀል የሚውልበት ጊዜ አለ። የማሲንቆ ጣት ተንሸራትታ የምትደርስበትን ቦታ ኪቦርዱ አያውቀውም፤ ቅርብ ያለውን መርጦ ይሰጥሃል። ወንድሜ ይህን በደንብ ያውቅ ነበር፤ በግራ እጁ የድምፅ ማጠፊያዋን እየገፋ እየሳበ ሊሸሽገው ይሞክራል። አንዳንዴ ይሳካለታል።

ግን «ገደለ» ለማለት መጀመሪያ በሕይወት የነበረ ነገር ያስፈልጋል። ይፋግ መቼ ነው ባንድ የነበራት? በርብ ማዶ ላሉት ቀበሌዎች የሆቴል ባንድ መኖሩ ራሱ ወሬ ነው፤ ያውም በራዲዮ የሚሰማ። እነሱ ዘንድ ያቺ ጃፓን ሠራሽ ሳጥን የገደለችው ባንድ የለም፤ እዚያ የደረሰች የመጀመሪያዋ ባንድ እሷ ናት። የደረሰችውም በባትሪ ድንጋይ ስለምትሠራና አህያ ስለምትሸከማት ነው። እንግዲህ እኔ ነበርኩ የሒልተንን ሐዘን ይፋግ ላይ ልተክል የሞከርኩት።

በዚህ ጉዳይ ሐሳቤን የገለበጠው ሰው ደግሞ ራሱ ከሒልተን የወጣ ነው። ኃይሉ መርጊያን ማለቴ ነው፤ የዋልያሱ ኦርጋን ተጫዋች። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ለሙዚቃ ዝግጅት አሜሪካ ሲሄድ ከባንዱ አባላት ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፤ ኃይሉም ቀረ። ባንዱ በውቅያኖስ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። በወጣትነቱ የለመደውን አኮርዲዮን አነሣ፤ በሥሩ ሮድስ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ያማሃ ዲኤክስ 7 አስገባ፤ ድራሙን ለማሽን ሰጠው። የድሮ ዜማዎችን ነው የተጫወተው፤ አምባሰል ሳይቀር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ኪቦርድ ገደለው የምንለው የባንድ ዘመን ዋና ሰው፣ ባንዱ ሲበተን የተደገፈው ኪቦርዱን ነው። መሣሪያው ገዳይ ሳይሆን ከፍርስራሹ የተረፈ ምሰሶ ሆነለት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ኃይሉ ታክሲ ነጂ ሆነ። ዳለስ የሚባለው የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ ከመኪናው የዕቃ መጫኛ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ እያወጣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። ያ የ1985 ካሴት ደግሞ ዓመታት አልፈው፣ የአፍሪካ ካሴቶች በሚሰበስብ ብራያን ሺምኮቪትዝ በሚባል አሜሪካዊ እጅ ገባ። የገባው የት መሰላችሁ? ባሕር ዳር ላይ። ከይፋግ ሰባ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሞ እንደገና ወጣ፤ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ።

ይህ ታሪክ ሲነገር «አየህ፣ ፈረንጅ እስኪነግረን የራሳችንን አናውቅም» ማለት ተለምዷል። እኔም ክፍል ውስጥ ብያለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ካሴቱ እኮ ባሕር ዳር ላይ የተገኘው እዚያ ያቆየው ሰው ስለነበረ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልጣለውም፤ ሌላ ዘፈን አልቀዳበትም፣ ለልጆች መጫወቻ ክሩን አልመዘዘበትም። ያገኘውን እናውቃለን፤ ያቆየውን ማን ጠየቀ? ምናልባት ሳያውቀው ነው ያቆየው። ምናልባት ደግሞ በየወሩ አንዴ እያጫወተው። በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ።

ወደ ይፋግ ልመለስ። ቡናው በመፈላት ላይ እያለ የቴሌቪዥኑን ዲሽ ሊያስተካክል አንድ ወጣት መጣ። ሞባይልና ራዲዮ የሚጠግን፣ ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው። ሥራውን ጨርሶ ሲኒ ተቀብሎ እንደተቀመጠ ወደ ዳንቴሉ በአገጩ አመለከተ።

«እማማ፣ ያ ኦርጋን ድንጋዩ ወጥቶለታል?»

«ኧረ ማን ነክቶት! እሱ እንዳስቀመጠው ነው» አሉ አክስቴ። ኩራት ነበረበት አነጋገራቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ማንም አልነካውም። አቧራውን በየቅዳሜው ይጠርጉለታል፤ ዳንቴሉን አጥበው መልሰው ያለብሱታል።

የልጁ ፊት ተለወጠ። «እማማ፣ ድንጋይ እኮ ይፈሳል። ውስጡን በልቶት ይሆናል። ካልከፈትነው ይሞታል።»

አክስቴ ሲኒውን አስቀመጡ። «ከሞተ ቆይቷል ልጄ» አሉ። ስለ ኦርጋኑ አልነበረም የሚያወሩት።

ቤቱ ዝም አለ። እኔ የተማርኩት ሰውዬ ነኝ፤ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ምንም አልመጣልኝም። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ታማኝነቶች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ አንደኛው አትንኩት ይላል፣ ሌላኛው ክፈቱት ይላል። ሁለቱም የሟቹን ነገር ለመጠበቅ ነው የሚከራከሩት።

ዕቃ አክብሮ ማቆየት ላይ የእኛ አገር ሰው አይታማም። ግን የምናከብረው በመሸፈን ነው። አዲስ ሶፋ ከነላስቲኩ ይቀመጣል፤ ሪሞት ኮንትሮል ከነፌስታሉ ይኖራል፤ ጥሩው ሳህን ለእንግዳ ይባልና እንግዳው ሳይመጣ ያረጃል። ይህን ለማሾፍ አይደለም የማነሣው። ዕቃ በስንት መከራ በሚገዛበት አገር መሸፈን ማለት መውደድ ነው። ችግሩ አንዳንድ ዕቃ መሸፈንን አይችለውም። ሳህን ይችላል። ኪቦርድ አይችልም። በየቁልፉ ሥር ጥቁር ነጥብ ያለባት ትንሽ ጎማ አለች፤ ስትጫን ነጥቧ ከሰሌዳው ጋር ትነካካና ድምፅ ይወጣል። ሳትነካ ስትቆይ እርጥበትና አቧራ ያለብሷታል፤ በአልኮል ካልተጠረገች ቁልፉ ዲዳ ይሆናል። ካፓሲተር የሚባሉት ክፍሎች እያረጁ ይደርቃሉ። ኃይሉ የተጫወተበት ዓይነት ዲኤክስ 7፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ የወጣው፣ ባለቤቱ ያዘጋጃቸውን ድምፆች የሚያስታውሰው በውስጡ በተበየደች አንዲት ጠፍጣፋ ባትሪ ነው። እሷ ያለቀች ቀን ማሽኑ ይነሣል፣ ይበራል፣ ግን የባለቤቱን ድምፅ ረስቶታል። ዕቃው እዚያው አለ፤ ትዝታው የለም።

ከማሲንቆ ጋር አነጻጽሩት። ማሲንቆ ጭራው ሲበጠስ ከፈረስ ይቆረጥለታል፤ ቆዳው ሲቀደድ ፍየል ይታረድለታል፤ እንጨቱ ሲሰበር ዛፍ አለ። ፋብሪካው ከደጅ ነው፤ ፋብሪካው አይዘጋም። የኪቦርዷ አንጎል ግን አንዲት ጥቁር ቺፕ ናት፤ ያንን ቺፕ የሚሠራው ፋብሪካ ወደ ሌላ ከዞረ ቆይቷል። ስለዚህ በውጭ አገር አሮጌ ኪቦርድ የሚሰበስቡ ሰዎች አንዱን ለማዳን ሌላውን ያርዳሉ፤ ከሁለት ደካማ አንድ ደህና ያወጣሉ። መጀመሪያ ስሰማ ደነገጥኩ። ኋላ ግን የእኛ ጋራዥ የሚኖረው በዚሁ ጥበብ እንደሆነ ትዝ አለኝ። ማሲንቆ ጥንታዊ ኪቦርድ ዘመናዊ ነው እንላለን እንጂ፣ ቶሎ የሚሞተው ዘመናዊው ነው። በሕግ የሚጠበቀው ቅርስ የቱ ነው ብትሉ ደግሞ ማንም ሰው ይፋግ ያለችውን ፕላስቲክ ቅርስ አይላትም። ይሁን እንጂ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ያገባ የፎገራ ሰው የሠርጉን ቀን የሚያስታውሰው በዚያች ፕላስቲክ ድምፅ ሊሆን ይችላል።

ርካሽ ነገር ታሪክ አይሠራም ያለው ማነው? ካሲዮ ለቤት ብሎ በሠራት ኤምቲ 40 በምትባል ትንሽ ኪቦርድ ውስጥ ሂሮኮ ኦኩዳ የተባለች ወጣት ጃፓናዊት አንድ ዝግጁ ምት አስቀምጣ ነበር። ያቺ ምት ጃማይካ ደርሳ እ.ኤ.አ. በ1985 የዌይን ስሚዝ ዘፈን መሠረት ሆነች፤ የሬጌ ሙዚቃ ከእሷ በኋላ መልኩ ተለወጠ። የጃማይካ ሰው «ይሄ የዱቄት ወተት ነው» ብሎ አልጣላትም። ወይም የሚል አስተማሪ በአካባቢው አልነበረም።

ለመጠበቅ መንካት ያስፈልጋል የሚለውን ነገር ከኪቦርድ አልነበረም መማር የነበረብኝ። እዚያው ደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም አለች፤ የድጓ ማስመስከሪያዋ። የድጓ ተማሪ ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ መያዝ የቆየ ልማድ ነው። ብራናው ላይ ምልክት አለ፤ ነገር ግን ምልክቱን ዜማ የሚያደርገው የመምህሩ አፍና የተማሪው ጆሮ ነው። ብራናው ማኅደር ውስጥ ሺህ ዓመት ቢኖር፣ አንድ ትውልድ ሙሉ ካላዜመው ቀለም ብቻ ነው የሚተርፈው። የቤተ ልሔም ሊቃውንት ይህን ስለሚያውቁ ዜማውን ከዳንቴል አድነውታል። እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ይህንን ስንት ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ! ይፋግ ላይ ግን አንዲት እናት ፊት ስቀመጥ ጠመኔው ከእጄ የለም።

ምክንያቱም የአክስቴም ነገር እውነት አለው። ኦርጋኑ ለእሳቸው የሙዚቃ መሣሪያ አይደለም። ልጃቸው በመጨረሻ ያስቀመጠበት አቀማመጥ ነው። እንግዳ እጅ ከፈታው፣ ጠረገው፣ ጎማውን ቀየረው እንበል፤ ደህና ኦርጋን ያገኛሉ፤ የልጃቸው እጅ ያረፈበትን ግን ያጣሉ። ሰብሳቢዎቹም ይህ ጥያቄ አላቸው፤ ጭረቱ ይጥፋ ወይስ ይቅር? ፋብሪካ እንደወጣ ይሁን ወይስ ባለቤቱ እንደተወው? ለእነሱ የዋጋ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ለአክስቴ ግን ገበያ የለውም።

በመጨረሻ የተናገረው እኔ አይደለሁም፤ ልጁ ነው። «እማማ፣ እኔ ምንም አልለውጥም። ድንጋዩን ብቻ ላውጣው። የእሱን ነገር እየበላው ያለው ድንጋዩ ነው።»

አክስቴ ወደ እኔ አዩ። በራሴ ነቀነቅኩ። ከጭንቅላቴ ያን ያህል ጠቃሚ ሥራ የወጣ በብዙ ዓመት የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ዳንቴሉን ራሳቸው ገፈፉት። ልጁ ኦርጋኑን በጋቢ ላይ ገልብጦ የድንጋዩን ክዳን ከፈተ። ስድስቱም ድንጋዮች አብጠዋል፤ ነጭና አረንጓዴ ጨው ተፍተዋል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ዝገው አልቀዋል። አንድ በአንድ በካቻቢቴ ፈልቅቆ አወጣቸውና ፌስታል ውስጥ ከተታቸው። ዝገቱን ኮምጣጤ በነከረ ጥጥ፣ ከዚያ በአልኮል ጠረገ። አክስቴ ቆመው ያያሉ፤ ሕክምና ላይ እንዳለ ልጅ።

ከዚያ አዳፕተር ከቦርሳው አወጣ። እዚህ ላይ የልጁን ሙያ አደነቅኩ። ሊሰካው ሲል ቆም አለና በመለኪያው ለካው፤ ከኦርጋኑ ጀርባ ያለችውንም ምልክት አየ። ለካስ የአንዳንዱ ኪቦርድ አዳፕተር መሀሉ ፖዘቲቭ ነው፣ የሌላው መሀሉ ኔጌቲቭ፤ ጫፉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ብቻ የሰካ ሰው ያቃጥለዋል። «ብዙው ኦርጋን በእርጅና አይደለም የሚሞተው፤ በቻርጀር ነው» አለኝ።

በራ። ቀይ ቁጥር ወጣ። ልጁ አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ ፒያኖ። አክስቴ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ «ይሄ የእሱ ድምፅ አይደለም።» እውነታቸውን ነው። ማሽኑ ሲጠፋ ሁሉን ነገር ይረሳል፤ ሲበራ ከዜሮ፣ ከፒያኖ ነው የሚጀምረው። አሥራ ሁለት ዓመት እንዳለ የተቀመጠው ኦርጋን ስለ ባለቤቱ አንድም ነገር አላስታወሰም።

ልጁ ይህን አላወቀም፤ ጽዳቱን ቀጠለ። ከቁጥሩ መጫኛ አጠገብ ያረጀ፣ ጠርዙ የጠቆረ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል። አልኮል የነከረውን ጥጥ ወደዚያ ሲያስጠጋ አክስቴ እጁን ያዙት። ቀና ብዬ አየሁ። ፕላስተሩ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በወንድሜ ጽሑፍ፣ «ሙሽራ መግቢያ 47 / 62፣ ማምሻ 18 / 30» ይላል። የድምፅና የምት ቁጥሮች ናቸው።

ልጁ 47ን ነካ፤ ምቱን 62 ላይ አደረገና አስነሣው።

ያን ቀን የሆነውን ሁሉ አልጽፍም። አክስቴ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። እኔ ደግሞ የዱቄት ወተት ያልኩትን ነገር ሰማሁ፤ ደረቅ ከበሮ፣ ቀጭን ዋሽንት፣ ሜዳ ላይ ብዙ ርቆ የሚሰማ። በዚያ ድምፅ ስንት ሙሽራ ከቤቷ እንደወጣች አሰብኩ። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አልነበረም።

ሁለት ቁልፎች አልሠሩም፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ መሀል ላይ። ልጁ «ጎማቸው ነው፤ ከፈትኩት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» አለ። አክስቴ ወደ እኔ ዞሩ፤ «እሱ ሲጫወት ይሠሩ ነበር?» ጠየቁኝ። አላውቅም። ከሠርጉ ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ያን ቀን ሳዳምጥ ሳይሆን ሳርም ነበር፤ የሚያርም ጆሮ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይዝም። ምናልባት በሱም ጊዜ ዲዳ ነበሩ፤ ምናልባት እያለፋቸው፣ እየዘለላቸው ነበር የሚጫወተው፤ ዜማው ላይ ያለችው ያቺ የእሱ የምትባል መሰናከያ ከዚያ የመጣች ትሆናለች። ወይም ደግሞ ከሞተ በኋላ የጠፉ ናቸው። የሚያውቅ ሰው የለም።

«እንግዲያስ ይቆዩ» አሉ አክስቴ። ልጁ ሊከራከር ፈለገ፤ እኔ ያዝኩት። እኔ ብሆን አስከፍተው ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የማስበው። ግን የእኔ አልነበረም።

ዳንቴሉ ተመለሰ። ድንጋዮቹን በፌስታል ይዤ ወጣሁ፤ ልጁ ውሃ መውረጃ አጠገብ አትጣላቸው ብሎኝ ነበር፤ የት እንደምጥላቸው ሳላውቅ ባሕር ዳር ድረስ ይዣቸው ሄድኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ስልክ ደወልኩላቸው። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ርብ ሙላት ሲነግሩኝ ከበስተኋላቸው የሆነ ነገር ይሰማኛል፤ ያው አንዲት ሐረግ፣ እየተሳሳተች፣ እየተደገመች።

«ማነው የሚነካው?» አልኳቸው።

«የጎረቤት ልጅ ናት» አሉኝ፤ «እጇን አስታጥቤያት ነው።»